ወር አራት፣ ባሕሩ ጸጥ ያለ ነው

አቶ ገብረመድህን ስቶክሆልም ዳር ያለችው ሃሉንዳ ከገቡ ጀምሮ የሰማዩን ነገር ሳይጽፉ የዋሉበት ቀን የለም። ጧት አንድ መስመር፣ ማታ አንድ መስመር። ሙቀቱ ስንት ዲግሪ እንደሆነ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ደመናው ከባድ ይሁን ቀላል በረንዳው ላይ ቆመው ያዩና ገብተው ይጽፋሉ። ማን አዘዛቸው? ማንም። ማን ያነበዋል? ማንም። አንዳንድ ሰው ጡረታ ሲወጣ ሥራው እቤት ድረስ ይከተለዋል፣ ምን ይደረጋል።

ሥራቸው ሞምባሳ ነበር። የኢትዮጵያ መርከቦች ከአሰብ ጨው ጭነው ኬንያ ሲደርሱ የሚቀበላቸውና የሚያራግፋቸው ወኪል እሳቸው ነበሩ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። ጨው ደግሞ ከዝናብ ጋር አይስማማም። የመርከቡ ሆድ ተከፍቶ ሳለ አንድ ዶፍ ከወረደበት ከአሰብ ድረስ የመጣው ሀብት ውኃ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አቶ ገብረመድህን ሠራተኛ ከመጥራታቸው በፊት ሰማይ ያዩ ነበር፤ ያዩትንም በወሩና በቀኑ ይጽፉ ነበር።

አሥራ አንዱ ዓመት አንድ ወፍራም ደብተር ሞላ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሁሉንም ጨምቀው አሥራ ሁለት መስመር አደረጉት፤ ለያንዳንዱ ወር አንድ መስመር። ወሮቹን የጻፏቸው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው፤ ሪፖርቱ የሚሄደው አዲስ አበባ፣ የመሥሪያ ቤቱም ደንብ እንደዚያ ነበርና። ደርግ ተመለስ ሲላቸው አልመለስም ብለው አገር ላገር ሲንከራተቱ ልብስ ጥለዋል፣ ሬዲዮ ጥለዋል፤ ደብተሩን ግን አልጣሉም። ስዊድን ከገቡ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት መሥሪያ ቤት በሄዱ ቁጥር የሚጠየቁት ፐርሶንኑመራቸውን፣ የመታወቂያ ቁጥራቸውን፣ ብቻ ነው። የሚያውቁትን ነገር የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፣ ዘመናይ እስክትመጣ ድረስ።

ዘመናይ አባቷ አሰብ ወደብ ላይ የአቶ ገብረመድህን ባልደረባ ነበር። እሷ ራሷ ስዊድን የገባችው በሰባት ዓመቷ ነው፤ አሁን ሃያ ስድስት ሞልቷታል። አማርኛዋ ጥሩ ነው። እዚህ ያደጉ ልጆች በአማርኛ ሲጠየቁ በስዊድንኛ ይመልሳሉ፤ እሷ በአማርኛ ትመልሳለች። የወሮቹን ተርታ ሲጠይቋት ግን ትደናቀፋለች። ሚያዝያ ይቀድማል መጋቢት ስትባል ከመስከረም ተነሥታ በጣቷ ካልቆጠረች ነገሩ አይመጣላትም። በዚህ ስንቀልድባት ኖረናል።

በፈረንጆቹ 1994 ዲሴምበር ላይ ሻርሆልመን ሰንትሩም በሚባለው የገበያ ማዕከል ውስጥ ባለች አንዲት ጠባብ የጉዞ ወኪል ቢሮ ተቀጠረች። ቅጥሩ የስድስት ወር የሙከራ ነበር፤ ሰዎቻችን ባጭሩ ፕሮቭ የሚሉት። ሜይ ሲያልቅ ወይ ቋሚ ትሆናለች ወይ ትሰናበታለች። የቢሮው ባለቤት ጉኔል ለሃያ ዓመት ሰው ወደ ካናሪ ደሴቶች ስትልክ፣ በመርከብም ወደ ፊንላንድ ስትሸኝ የኖረች ሴት ናት፤ ኬንያን በካርታ ካልሆነ አታውቃትም። በዚያ የበረዶ ክረምት ግን ወደ ሞምባሳ ጉዞ መሸጥ ጀመረች፤ ብሮሹርም ማሳተም ፈለገች። መንገደኛው መቼ ይሂድ፣ መቼ ይዘንባል፣ ባሕሩ መቼ ያስዋኛል የሚል አንድ ገጽ ያስፈልጋታል።

«አንቺ ከዚያ አካባቢ ነሽ፣ አንቺ ጻፊው፣» አለቻት።

ዘመናይ ሞምባሳን በዓይኗ አይታ አታውቅም። ግን ፕሮቭ ላይ ያለ ሰው «አላውቅም» ለማለት ይፈራል። ያን ቀን ከሥራ ስትወጣ በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡር፣ በቀጥታ ሃሉንዳ ሄደች።

አቶ ገብረመድህን ያን ሰሞን ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው ተኝተው ነበር፤ አንደኛው ዓይን ተሸፍኗል፣ ሌላኛው ገና ወረፋ ይጠብቃል። ጥያቄዋን ሲሰሙ ግን ተነሥተው ተቀመጡ።

«የዚያ አገር ነገር ቴርሞሜትር አይደለም ልጄ፣» አሏት። «ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ሠላሳ አካባቢ ነው፤ ምንም አይነግርሽም። የዚያ አገር ነገር ነፋስ ነው። ሁለት ነፋስ አለ። አንደኛው ካስካዚ ይባላል፤ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። ደረቅ ነው፤ ባሕሩን ያስተኛዋል። የዓረብ ጀልባዎች ድሮ በእሱ ነበር የሚወርዱት። ሁለተኛው ኩሲ ነው፤ ከደቡብ ይነሣል። ሲገባ ዝናቡን ይዞ ይገባል፤ ዝናቡ ሲወጣለት ደግሞ እየቀዘቀዘ፣ እየደረቀ ይሄዳል። በሁለቱ መሐል ነፋስ የሌለበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ሰው ሸሚዙን ይጠላል።»

«ታዲያ መንገደኛ መቼ ቢሄድ ይሻላል ጋሼ?»

«ደብተሩን ውሰጂ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሁሉም አለልሽ። ግን ከማሳተምሽ በፊት አምጥተሽ አንብቢልኝ። የተሳሳተ ነገር ቢኖር ሳይታተም ማረም ይሻላል።»

«እሺ፣ አነብልዎታለሁ፣» አለች ዘመናይ። እንዲህ ብላ ቃል ገባች።

ማታውን ኩሽናዋ ውስጥ ተቀምጣ ገጹን ገለጠች። የአቶ ገብረመድህን ጽሕፈት ደቃቅና ቀጥ ያለ ነው። «ወር 4፦ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ካስካዚ፣ ባሕሩ ጸጥ ያለ ነው። ወር 5፦ እንደ አራተኛው። ወር 8፦ ዶፍ። ወር 9፦ ዶፍ፣ ማራገፍ አይቻልም።» ዘመናይ እያነበበች በስዊድንኛ ጻፈች። ከአራት ፊት አፕሪል፣ ከአምስት ፊት ሜይ፣ ከስምንት ፊት ኦገስት፣ ከዘጠኝ ፊት ሴፕቴምበር አለች።

አንባቢ እዚህ ላይ ራሱን ይዞ ይሆናል። አይፍረድባት። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አራት ማለት አፕሪል ነው፤ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮዋም፣ የልደቷ ቀንም፣ የቤት ኪራይ ወረቀቷም እንደዚያ ነው የሚቆጥረው። እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር ላይ እንደሚውል ታውቃለች፤ በየዓመቱ ነጭ ለብሳ ትሄዳለች። ከመስከረም አንድ ብሎ የሚጀምረው ቁጥር እፊቷ ተዘርግቶ እንደሆነ ግን ሐሳቡም አልመጣባትም።

ማተሚያ ቤቱ በበነጋው ይፈልገዋል ተባለ። ዘመናይ ወደ ሃሉንዳ ልትሄድ አሰበች፤ በረዶ ይጥል ነበር፣ ደክሟትም ነበር፤ ሰውየውስ በአንድ ዓይናቸው ምን ይጨነቁ ብላ ራሷን አሳመነች። ገጹ ሳይነበብ ታተመ። አፕሪልና ሜይ ላይ አንዲት የምትስቅ ፀሐይ ተሥላለች። ጉኔል ደግሞ የሆቴሎቹን ዋጋ ስታይ ልክ በእነዚያ ወሮች ግማሽ በግማሽ ወርዶ አገኘችው። ሌሎቹ ያላወቁት ጥሩ ጊዜ አገኘን ብላ ዘመናይን ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። ለምን ረከሰ ብሎ የጠየቀ የለም።

ዘመናይ ደብተሩን መለሰች። ብሮሹሩን ግን ሳታነብላቸው በማሳተሟ አፈረችና «አመጣልዎታለሁ» እያለች ክረምቱን አሳለፈችው።

በሜይ የመጀመሪያ ቀን አሥራ ስምንት ሰው ወደ ሞምባሳ በረረ። ከስቶክሆልም ወጣ ብላ በምትገኘው ኡፕላንድስ ቬስቢ ያለች የአንዲት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ናቸው፤ በባሕሩ ዳር ሜዳ ላይ ከዚያ አገር ምእመናን ጋር ሁለት ሳምንት ሊዘምሩ ነው የሄዱት። መሪያቸው ገመዳ ይባላል። የሚኖረው ሃሉንዳ፣ አቶ ገብረመድህን ካሉበት ሕንፃ ላይ ነው። የአየሩን ነገር የነገሯት እሳቸው መሆናቸውን ዘመናይ ትኬቱን ስትቆርጥለት በኩራት አውርታለታለች።

ሁለት ሳምንት ዘነበ። መንገዱ ወንዝ ሆነ፣ የመድረኩ ሸራ ተቀደደ፣ ከስቶክሆልም ተሸክመውት የሄዱት ኪቦርድ ውኃ ገብቶበት ጭጭ አለ። ለሜዳው የታሰበው ጉባኤ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ተጨናንቆ አለቀ።

በተመለሱ ማግስት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ገመዳ ቢሮው መጣ። የሚጮህ ሰው አይደለም። ብሮሹሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ጣቱን የምትስቀዋ ፀሐይ ላይ አሳረፈ።

«ይህን ማን ነገረሽ?» አለች ጉኔል ወደ ዘመናይ ዞራ።

«አንድ ሽማግሌ፣» አለች ዘመናይ። «አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ኖረዋል። የጻፍኩት ከእሳቸው ደብተር ነው።»

ይህን ስትል አልዋሸችም፤ እውነት መስሏታል። ጉኔል ተነፈሰች። «እንግዲያው ረስተውታል፣ ዕድሜ ነው፣» አለች።

ያን ቀን ማታ ገመዳ ብሮሹሩን ይዞ የአቶ ገብረመድህንን በር አንኳኳ፤ ከዚያ ለዘመናይ ደወለላት።

«ጋሼን አነጋገርኳቸው። ወረቀቱን መነጽር አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ‹ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ተምታታብኝ፤ ልጅቷ የሰጠኋትን ነው የጻፈችው› አሉኝ። አሳዘኑኝ፣ ይቅርታ ጠየቁኝ እኮ።»

ዘመናይ እፎይ አለች። እፎይ ማለቷ ትንሽ አሳፈራት፤ ቢሆንም እፎይ አለች።

ዓርብ ዕለት ጉኔል ጠራቻት። ለመዘምራኑ የይቅርታ ደብዳቤ ይጻፋል። መረጃው የተገኘው የማስታወስ ችሎታቸው ከደከመ አንድ አዛውንት እንደሆነ፣ ቢሮው ከእንግዲህ እንዲህ ካለ ሰው መረጃ እንደማይወስድ ይገለጻል። ረቂቁን ዘመናይ ታዘጋጅ። «በአንቺ በኩል ጥፋት የለም። ሰኞ የቋሚነት ወረቀትሽን እፈርምልሻለሁ፣» አለቻት።

ዘመናይ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደብዳቤውን ልትጽፍ ስትቀመጥ ግን «የማስታወስ ችሎታቸው የደከመ» የሚለው ላይ እጇ አልሄደላትም። ሰውየው ሳይሰሙ እንዲህ ተብሎ ሊጻፍባቸው አይገባም ብላ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ገዝታ ሃሉንዳ ሄደች።

ከሕንፃው ሥር ሊላ የሚሏቸው ሐምራዊ አበቦች ፈክተው ሽታቸው ደረጃው ድረስ ይገባል። አቶ ገብረመድህን በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አሁን ሁለቱም ዓይኖቻቸው ተሠርተዋል። እንደ ወትሮው ስለ ጤናዋ፣ ስለ ሥራዋ ጠየቋት። ብሮሹሩ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ዘመናይ ብርቱካን እየላጠች ስለ ደብዳቤው ነገረቻቸው። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር።

«ይጻፉ፣» አሉ አቶ ገብረመድህን። «ሰው ሲያረጅ ይረሳል። እውነት ነው።»

«ቅር አይልዎትም?»

«እዚህ አገር ማን ያውቀኛል ብለሽ ነው።» ብርቱካኗን ተቀብለው ወደ ሊላው አዩ።

ዘመናይ ዓይኗን የምታሳርፍበት አጣችና ጠረጴዛው ላይ ወደተከፈተው ደብተር አየች። አዲሱ ደብተር ነው፣ የሃሉንዳው። የመጨረሻዎቹን መስመሮች እንዲሁ ታነብ ጀመር። «11/9፦ ጧት 9 ዲግሪ፣ ካፊያ።» ከሥሩ፣ «12/9፦ ጧት 11 ዲግሪ፣ ነፋስ ከምዕራብ፣ ሊላው ፈነዳ።»

ቀና አለች። ሊላው እውነትም ፈንድቷል። ዛሬ ሜይ ሃያ ነው። እንግዲህ ዘጠኝ ምንድን ነው? እጇን ከጠረጴዛው ሥር አድርጋ ጣቷን ታጥፍ ጀመር። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ። አራተኛው ጣት ላይ ቆመች። ታኅሣሥ ማለት ዲሴምበር ነው። ቀጠለች፤ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት። ዘጠኝ። ዶፍ፣ ማራገፍ አይቻልም።

ደብተሩን ወደ እሳቸው አዞረችው።

«ጋሼ፣» አለች፣ «እርስዎ አልተሳሳቱም።»

አቶ ገብረመድህን የብርቱካኑን ልጣጭ ሰበሰቡ።

«አራት ያሉት ታኅሣሥን ነው። እኔ አፕሪል ብዬ ጻፍኩት። ያውቁ ነበር?»

«ገመዳ ወረቀቱን ያሳየኝ ዕለት አወቅሁ። አፕሪል የሚለው ላይ ፀሐይ ተሥላ ሳይ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ‹እኔ ነኝ› አሉ?»

«እኔ ፕሮቭ ላይ አይደለሁማ፣» አሏት።

ዘመናይ አለቀሰች። ብርቱካኑ እጇ ላይ እንዳለ፣ እንደ ልጅ አለቀሰች። ያላነበበችላቸው ገጽ፣ ቢሮ ውስጥ «አንድ ሽማግሌ» ያለችው፣ እፎይ ያለችው፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። አቶ ገብረመድህን አልከለከሏትም። መሐረብ አቀበሏትና ልቅሶዋ እስኪበርድ ጠበቋት።

«ስልክዎን ልጠቀም?» አለች በመጨረሻ።

«ለማን?»

«ለጉኔል።»

«ይቆይ። ሰኞ ትፈርምልሽና ከዚያ ረጋ ብለሽ ትነግሪያታለሽ።»

«ከፈረመችልኝ በኋላማ አልነግራትም። ራሴን አውቀዋለሁ ጋሼ።»

ገብታ ደወለች። ጉኔል ቤቷ ነበረች፤ ከበስተኋላዋ የሣር ማጨጃ ይሰማል። ዘመናይ በስዊድንኛ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት፦ ደብዳቤውን እንደማትጽፈው፣ ሽማግሌው እንዳልተሳሳቱ፣ ዓመቱ እኛ ዘንድ ከሴፕቴምበር እንደሚጀምር፣ አንብቢልኝ ተብላ ሳታነብ እንዳሳተመች። «ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው፣» አለች። አቶ ገብረመድህን በረንዳው በር ላይ ቆመው ይሰማሉ። ከነገሩ ሁሉ የገባቸው የራሳቸው ስምና «ሜይ» የሚለው ነበር፤ ያም በቂያቸው ነው።

ጉኔል አጫጁን አቁም አለችው። የሣር ማጨጃውም ቆመ።

«ስለ አንቺ ሰኞ እንነጋገራለን፣» አለች። ደስ የሚል ድምፅ አልነበረም። ከዚያ ግን ስልኩን አልዘጋችም። «ኦገስት ላይ መሄድ ፈልገው ዝናብ ነው ብለን የመለስናቸው መምህራን አሉ። ኦገስት ደህና ነበር ማለት ነው? ሰውየው አጠገብሽ ናቸው? እንግሊዝኛ ይችላሉ?»

«ይችላሉ።»

«አቅርቢልኝ።»

ዘመናይ ስልኩን ዘረጋችላቸው። አቶ ገብረመድህን ወዲያው አልተቀበሏትም። ወንበሩ ላይ የነበረውን ኮታቸውን ለበሱ፣ ቁልፉን ቆለፉ፣ የድሮውን ደብተር ከመደርደሪያ አወረዱ፤ ገጹን በቃላቸው እያወቁት መነጽራቸውን አድርገው ከፈቱት። ከዚያ ቆመው ተቀበሉ።

በወደብ እንግሊዝኛቸው ጀመሩ። ኦገስት ኩሲ የቀዘቀዘበት ጊዜ ነው አሏት፤ ዓመቱን ሁሉ እንደዚያ ደስ የሚል አየር የለም። ጧት ጧት አጭር ካፊያ ይኖራል፣ አያስፈራም። ከዳር ራቅ ሲሉ ሞገድ አለ፤ ባሕሩ ውስጥ ያለው ድንጋይ ሞገዱን ከሚያግድበት ወዲህ ግን ሕፃንም ይዋኛል። አሸዋው ላይ የባሕር ሣር ይከማቻል፤ መንገደኛው ቆሻሻ እንዳይመስለው ቀድሞ ይነገረው። ለማታ ስስ ሹራብ ይያዝ። ዲሴምበርና ጃንዋሪ ላይ ሰማዩ ጥርት፣ ባሕሩ ጸጥ ይላል፤ የሚዋኝ ያን ጊዜ ይሂድ። ማርች ይጨንቃል፤ ሽማግሌና ልብ ሕመምተኛ አይሂድ። አፕሪልና ሜይ ማንም አይሂድ። ኦክቶበርና ኖቬምበር ትንሹ ዝናብ ነው፤ ሲመሽ ወርዶ ሲነጋ ፀሐይ ትወጣለች፣ አትፍሩት። ጉኔል ትጠይቃለች፣ እሳቸው ይመልሳሉ። ዘመናይ አጠገባቸው ተቀምጣ ትጽፋለች፤ ወሮቹን በቁጥር ሳይሆን በስማቸው።

ሃያ ደቂቃ ያህል አወሩ። ስልኩን ሲያስቀምጡ ፊታቸው ቀልቷል።

«ጥሩ ሴት ናት፣» አሉ። «ትጠይቃለች። ከመሄዳቸው በፊት መንገደኞቹ እኔ ዘንድ ይደውሉ ትላለች።»

«ስለ እኔስ ምን አለች?»

«ምንም አላለች። እኔ ግን አልኳት።»

«ምን አሏት?»

«ጥፋቷን በዕረፍት ቀኗ ደውላ የምትናገር ሠራተኛ፣ አሥራ አንድ ዓመት ወደብ ላይ ፈልጌ አላገኘሁም አልኳት። ሰኞ ታያለሽ።»

ኮታቸውን አወለቁና በረንዳው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። የሃሉንዳውን ደብተር ወደ ራሳቸው ሳቡ። 12/9 የሚለውን ትንሽ አዩት፤ ከዚያ ከጎኑ፣ በዚያ ደቃቅና ቀጥ ባለ ጽሕፈታቸው፣ «20 ሜይ» ብለው ጨመሩበት።

«አንቺ እንድታነቢው፣» አሏት።

ዘመናይ እስክሪብቶውን ከእጃቸው ተቀበለች። ወንበሯን አቀረበችና ከላይ ያሉትን መስመሮች አንድ በአንድ፣ በጣቷ እየቆጠረች፣ የፈረንጁን ቀን ትጽፍባቸው ጀመር። አቶ ገብረመድህን የቀረውን ብርቱካን ይልጣሉ፤ ስትሳሳትም ያርሟታል።